የፀሐይና የጨረቃ መሠዊያዎች

ለዚህ ጥናት የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘፍጥረት 1፥14-19፤ ዘዳግም 4፥15-20፤ 2ኛ ነገሥት 23፥4-11፤ ሕዝቅኤል 8፥16።

ሰው ከተከተላቸው የጣዖት አምልኮዎች ሁሉ ለአእምሮ የሚቀርበው ለፀሐይና ለጨረቃ መስገድ ነው። ለእንጨት የሚሰግድ ሰው ትናንት በመጥረቢያው ለጠረበው ነገር ይሰግዳልና ነቢያት በቀላሉ ያሳፍሩታል። ለፀሐይ የሚሰግድ ግን እጁ ላልሠራው፥ ሊደርስበትም ለማይችለው፥ እህሉንም ለሚያበስልለት ኃይል ይሰግዳል። ጨረቃም ወራቱን ትቈጥርለታለች፤ በሌሊት መንገዱን ታሳየዋለች፤ ጠፍታም ተመልሳ ትወለዳለች። ሙሴ በዘዳግም ዓይንን ወደ ሰማይ ማንሣት ራሱ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችል አድርጎ የተናገረው ስለዚህ ነው። ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ለሞኞች አልነበረም፤ ለሚያስተውሉ ሰዎች ነበር እንጂ።

በኢምባካሲ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ኬንያዊ ጎረቤታችን በስዋሂሊ «ሳአ ሞጃ» ሲል እኛ በአማርኛ «አንድ ሰዓት» የምንለውን ማለቱ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች የቀኑን ሰዓት መቍጠር የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ሳይሆን ከንጋት ነው፤ በምድር ወገብ አጠገብ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ብዙ ሳትቀድምና ብዙ ሳትዘገይ ትወጣለችና ለገበሬና ለእረኛ ከእርስዋ የታመነ ሰዓት አልነበረም። የእጅ ሰዓት ከመጣ በኋላ እንኳ የአቈጣጠሩ ሥር አልተነቀለም። ቀኑን፥ ወሩንና የዘር ጊዜውን ሁሉ ከሁለቱ ብርሃናት የተቀበለ ሕዝብ ለእነርሱ ቤት ቢሠራ የሚያስደንቅ አይደለም።

በጥናት ጊዜ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «አባቶቻችን ጣዖት አምላኪዎች ነበሩን?» ይላሉ። ከሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ጥያቄውን እንደ ስድብ ቈጥረው፥ ኢትዮጵያ ከንግሥተ ሳባ ጊዜ ጀምሮ አንድ አምላክ ብቻ ያመለከች አገር ናት ብለው ይመልሳሉ። ሌሎች ደግሞ የጥንቱን ድንጋይ ሁሉ የአጋንንት ሥራ ነው ብለው ይጥሉታል። ድንጋዮቹ ግን ለአንዱም ወገን አይመሰክሩም። ስለዚህ አስቀድመን የሌሎችን አሕዛብ ጥቂት አይተን፥ ከዚያ በኋላ ወደ አገራችን ድንጋዮች እንመለስ። የሚጠቀሱት ዘመናት፥ ካልተለየ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የአብርሃም ታሪክ የሚጀምረው ከጨረቃ ከተማ ነው። ዑር ናና የሚባለው የጨረቃ አምላክ መኖሪያ ነበረች፤ ንጉሥ ዑር ናሙ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2100 ገደማ ያስጀመረው፥ በደረጃ የሚወጣ የጡብ ኮረብታ እስከ ዛሬ በኢራቅ ምድር ይታያል። ታራ ከዑር ወጥቶ ቤተ ሰቡን ያስቀመጠባት ካራንም የዚሁ የጨረቃ አምላክ ሌላዋ ታላቅ ከተማ ነበረች። ስለዚህ እግዚአብሔር አብርሃምን ከካራን በጠራው ጊዜ ከዘመዶቹ ብቻ አልለየውም፤ በየወሩ ከሚያያትና አባቶቹ ከሚሰግዱላት ብርሃን ለየው። ዮሴፍም በግብፅ ያገባት አስናት የኦን ካህን ልጅ ነበረች፤ ኦን ግሪኮች ሄልዮጶሊስ፥ ማለት የፀሐይ ከተማ፥ ያሉአት ናት። በተስፋይቱ ምድር ራስዋ ቤትሳሚስ የምትባለው ከተማ ስሟ ሲተረጐም የፀሐይ ቤት ማለት ነው።

ከግብፅ ቤተ መቅደሶች አንዱን ብቻ ላንሣ፤ ዳግማዊ ራምሴስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው መቶ ዓመት በዓባይ ዳር ከአለት ያስፈለፈለውን አቡ ሲምበልን። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ፌብሩዋሪ 22 እና ኦክቶበር 22 ገደማ፥ የማለዳ ፀሐይ በበሩ ገብታ 60 ሜትር ያህል ዘልቃ በውስጠኛው ክፍል የተቀመጡትን ምስሎች ታበራለች። ምስሎቹ አራት ናቸው፤ ሦስቱ አማልክት ሲሆኑ አራተኛው ራሱ ንጉሡ ነው። ከአማልክቱ አንዱ፥ ጵታሕ የሚባለው፥ ከጨለማ ጋር የተያያዘ ነውና ብርሃኑ እንደ ሌሎቹ አይደርሰውም። ቤተ መቅደሱ ከ1964 እስከ 1968 በአስዋን ግድብ ምክንያት ተቈራርጦ ወደ ላይ 65 ሜትር ያህል ከፍ ወዳለ ስፍራ ሲዛወር መሐንዲሶቹ ይህን የብርሃን መንገድ እንዳይጠፋ አድርገው ነበር። እዚህ ላይ የምናስተውለው ግን ከጥበቡ ይልቅ የምስሎቹን አቀማመጥ ነው። ንጉሡ በአማልክት መካከል ተቀምጧል፤ ፀሐይም እርሱን ልታበራ ትመጣለች። የሰማይ ብርሃናት አምልኮ በብዙ አገር ከዙፋን ርቆ አልተገኘም። በአየርላንድ ኒውግሬንጅ የሚባለው መቃብርና በእንግሊዝ ያለው የስቶንሄንጅ የድንጋይ ክበብ ከፀሐይ መውጫና መግቢያ ጋር ተስተካክለው መሠራታቸውም የታወቀ ነው።

ነገር ግን የቆመ ድንጋይ ሁሉ የፀሐይ ወይም የኮከብ መሠዊያ ነው ብለን እንዳንቸኵል የኬንያ ምድር ራስዋ ታስተምረናለች። በቱርካና ሐይቅ ምዕራብ፥ በካሎኮል አጠገብ፥ ናሞራቱንጋ የሚባል የድንጋይ ምሰሶዎች ስፍራ አለ፤ ስሙ በቱርካና ቋንቋ የድንጋይ ሰዎች ማለት ነው። በ1978 ሁለት ተመራማሪዎች 19ኙ ምሰሶዎች የቦረና ሕዝብ ዘመኑን በሚቈጥርባቸው ሰባት ከዋክብትና የከዋክብት ስብስቦች ትይዩ ቆመዋል ብለው ጽፈው ነበር። ነገሩ ብዙ ሰው አስደሰተ፤ የቦረና አያንቱዎች ያለ መጽሐፍ፥ ጨረቃና ከዋክብትን በማየት ብቻ፥ በ27 የቀን ስሞች ዘመናቸውን መቍጠራቸው የታወቀ ነውና። በኋላ ግን ሌሎች ሲለኩት ልኬቱ አጠራጠራቸው። በዚያው አካባቢ ሎታጋም ሰሜን በሚባለው ተመሳሳይ ስፍራ የተደረገው ቍፋሮ ውጤት በ2018 ሲታተም ደግሞ፥ ከ5000 ዓመት ገደማ በፊት የጀመሩት የከብት አርቢዎች በትንሹ 580 ሙታን የቀበሩበት ታላቅ መካነ መቃብር ሆኖ ተገኘ። ምሰሶዎቹ ለሙታን መታሰቢያ ቆመዋል እንጂ ለሰማይ መመልከቻ መሆናቸው አልተረጋገጠም።

በኬንያ ምዕራብ በሚኖሩት በኪፕሲጊስና በናንዲ ዘንድ ደግሞ የእግዚአብሔር ስም አሲስ ነው፤ ስሙም ከፀሐይ ስም ጋር አንድ ሥር አለው። አባቶቻቸው ካፕኮሮስ በሚባል ከፍ ያለ ስፍራ ተሰብስበው ይጸልዩ ነበር። ሆኖም ሽማግሌዎቹ የምንለምነው የምናያትን ፀሐይ ሳይሆን በእርስዋ ኃይሉን የሚገልጠውን ነው ይላሉ። ይህን ቃላቸውን አቃልለን ልናልፈው አይገባንም።

አሁን ወደ አገራችን እንሂድ። ከዓድዋ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በየሓ፥ አንድ ታላቅ ቤተ መቅደስ ቆሟል። ወርዱ 15፥ ቁመቱ 18 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ግድግዳዎቹም ከ12 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ፥ ቢላዋ እንኳ በመካከላቸው እንዳይገባ ሆነው ተገጣጥመዋል። ሊቃውንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ ይናገራሉ፤ እንግዲህ ኢዮስያስ በኢየሩሳሌም ይነግሥበት በነበረው መቶ ዓመት መሆኑ ነው። ቤቱ የተሠራለት አምላክ አልመቃህ ይባላል። አልመቃህ ከቀይ ባሕር ማዶ በማሪብ የሚመለክ የሳባውያን ታላቅ አምላክ ሲሆን፥ ምልክቱ ጨረቃና ክብ ሰሌዳ፥ እንስሳውም ዋልያ ነበር።

የቀደሙት ሊቃውንት አልመቃህ የጨረቃ አምላክ ነው ብለው በአንድ ቃል ጻፉ። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን አንዳንዶች፥ ከፀሐይ ጋር የሚያያዙትን ምልክቶቹን በመቍጠር፥ የፀሐይ አምላክ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ ለሊቃውንት ይሁን። ሁለቱ ብርሃናት በአንድ መሠዊያ ላይ አብረው ስለ ተቀረጹ፥ መሥዋዕት ያቀርብ የነበረው ሰው ራሱ እንደ እኛ ለይቶ አልተጨነቀም ይሆናል።

በ2007 መጨረሻ ደግሞ በውቅሮ አጠገብ መቃብር ጋዕዋ በሚባል ስፍራ ገበሬዎች አንድ መሠዊያ አገኙ። በመሠዊያው ላይ የፈሳሽ መሥዋዕት የሚወርድበት ቦይ ተፈልፍሎለታል፤ ዙሪያውን በሳባ ፊደል ተጽፎበታል። ጽሕፈቱ ዋዕራን የሚባል ንጉሥ መሠዊያውን ለአልመቃህ እንደ ሠራ ይናገራል፤ የአባቱንም የእናቱንም ስም ይጠራል፤ የየሓንም ስም ያነሣል። የየሓ ስም በጥንት ጽሕፈት ላይ ሲገኝ ይህ የመጀመሪያው ነበር። አንባቢ ሆይ፥ እዚህም ንጉሥ ከመሠዊያው አጠገብ መቆሙን ተመልከት። ንጉሡ ግን የእናቱን ስም ማስቀረት አልወደደም፤ ድንጋዩን የጠረበው ሰው ጋኔን ሳይሆን እናትና አባቱን የሚያከብር ሰው ነበር።

በአክሱም አቅራቢያ በሓውልቲ በ1959 በቍፋሮ የወጣው፥ ጠርዙ በዋልያ ምስሎች የተጌጠው የድንጋይ ዙፋን በአዲስ አበባ በብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በሰንዓፈ አጠገብ፥ ዛሬ በኤርትራ ምድር፥ በመጠራ የቆመው ሐውልት ደግሞ በራሱ ላይ ክብ ሰሌዳና ጨረቃ ተቀርጾበታል፤ ከሥሩም በግዕዝ ተጽፎበታል። የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች፥ ቁመታቸው ከ20 ሜትር የሚበልጠው እንኳ፥ በመቃብር ላይ የቆሙ ናቸውና እንደ ቱርካናዎቹ ምሰሶዎች ነገራቸው ከሙታን ይጀምራል።

እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ምን ይበሉ? ክብረ ነገሥት ራሱ ይመልስላቸዋል። በዚያ መጽሐፍ ንግሥቲቱ ሕዝቧ ከአባቶቹ እንደ ተማረ ፀሐይን ያመልክ እንደ ነበር ለሰሎሞን ትነግረዋለች። ትውፊታችን ያልሸሸገውን እኛ የምንሸሽግበት ምክንያት የለም።

ለውጡ የመጣው በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። የአክሱም ነገሥታት፥ ከ270 ገደማ ከነገሠው ከእንዱቢስ ጀምሮ፥ በወርቅና በብር ገንዘባቸው ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ ጨረቃና ክብ ሰሌዳ ያሳትሙ ነበር። ንጉሥ ኢዛናም በፊተኞቹ ጽሑፎቹ ራሱን የማኅረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ ገንዘቡም የቀድሞውን ምልክት የያዘ ነበር። ፍሬምናጦስ የክርስቶስን ወንጌል በቤተ መንግሥት ካስተማረ በኋላ ግን ጨረቃውና ሰሌዳው ተነሥተው በስፍራቸው መስቀል ገባ። በገንዘባቸው ላይ መስቀል ካኖሩት የዓለም ነገሥታት ኢዛና ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በኋለኞቹ ጽሑፎቹም ድሉን ለማኅረም ሳይሆን ለሰማይ ጌታ ይሰጣል።

ይህን ስናነብ እንድንጠነቀቅ እወዳለሁ። ገንዘብ የንጉሥን ሐሳብ ይናገራል፤ የገበሬውን ልብ አይናገርም። ምልክትን በአንድ ቀን መለወጥ ይቻላል። ለዝናብና ለአዝመራ ያላት እናት በጨነቃት ጊዜ ወዴት ዘወር እንደምትል ግን ማተሚያው አያውቅም።

ይህንም ከይሁዳ እናያለን። ኢዮስያስ ለፀሐይ የተሰጡትን ፈረሶች ከቤተ መቅደሱ መግቢያ አስወገደ፤ ሠረገሎቻቸውን አቃጠለ፤ ለፀሐይና ለጨረቃ የሚያጥኑትን ካህናት ሻረ። እርሱ ከሞተ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ሕዝቅኤል በራእይ ያየው ምንድር ነው? በመቅደሱ በርና በመሠዊያው መካከል 25 ያህል ሰዎች ለፀሐይ ሲሰግዱ አየ። የኢየሩሳሌም መቅደስ በሩ ወደ ምሥራቅ፥ ቅድስተ ቅዱሳኑ ወደ ምዕራብ ነበረ። ስለዚህ በአደባባዩ ቆሞ ለምትወጣው ፀሐይ ሊሰግድ የሚወድ ሁሉ ጀርባውን ለእግዚአብሔር ቤት መስጠት ነበረበት። ነቢዩ የሚያዝነው በግንባራቸው ብቻ አይደለም፤ በጀርባቸውም ነው።

በ5ኛው መቶ ዓመት የሮሜ ሊቀ ጳጳስ ቀዳማዊ ልዮን በልደት በዓል ስብከቱ ተመሳሳይ ነገር ያማርራል። ክርስቲያኖች ወደ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ደረጃውን ወጥተው ከመግባታቸው በፊት ዞረው ለምትወጣው ፀሐይ ራሳቸውን ያጐነብሱ ነበር። (የልዮን ስም በኬልቄዶን ጉባኤ ምክንያት በአገራችን በበጎ አይነሣም፤ በዚህ ነገር ግን እውነቱን ተናግሯል።) እነዚያ ሰዎች ክርስቶስን የካዱ አልመሰላቸውም። ከልማድም ከአክብሮትም ያደርጉት ነበር።

ታዲያ አባቶቻችን የየሓን ቤት ምን አደረጉት? አላፈረሱትም። ከዘጠኙ ቅዱሳን አንዱ የሆኑት አባ አፍጼ በዚያ ስፍራ እንዳገለገሉ ትውፊት ይናገራል፤ ቤተ ክርስቲያኑም እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520 ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ግንቡን አይቶ አድንቆ ጽፎለታል። የጀርመን ተመራማሪዎችም በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 መዝግበውታል። ግድግዳው 2600 ዓመት ያህል የቆየው ክርስቲያኖች ስለ ያዙት እንደ ሆነ ብዙዎች ይስማማሉ። ከጥንቱ ሕንፃ የወደቁት፥ የዋልያ ራሶች በተርታ የተቀረጹባቸው ድንጋዮችም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ገብተው ይታያሉ። ዋልያዎቹ አልተሰበሩም፤ የሚታጠንላቸው ግን የለም።

ለሰማይ ብርሃናትም የሆነው ይኸው ነው። በዘፍጥረት አንደኛው ምዕራፍ ጸሐፊው ፀሐይና ጨረቃን በስማቸው እንኳ አይጠራቸውም፤ ታላቅ ብርሃንና ታናሽ ብርሃን ብሎ ያልፋል። ስማቸው በጎረቤት አገር ሁሉ የአማልክት ስም ነበርና። ሥራቸውን ግን ዘርዝሮ ይናገራል፤ ጊዜን፥ ዕለትንና ዓመትን ያመለክቱ ዘንድ ነው። ከመሠዊያ የወረደው ብርሃን ሥራ አልፈታም፤ ወደ ቀድሞ አገልግሎቱ ተመለሰ። ለዚህም በእጃችን ያለው ማስረጃ ባሕረ ሐሳብ ነው።

ባሕረ ሐሳብን ትውፊት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የጨረቃ ዓመት 354፥ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ስለ ሆነ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል፤ በ19 ዓመት ውስጥ ግን ሁለቱ ይገናኛሉ። ወጣቶች ራሳቸው እንዲያወጡት 2017 ዓ.ም.ን በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንሥራ። በ5500 ላይ 2017 ስንጨምር 7517 ይሆናል። ይህን ለ19 ስናካፍል 12 ይተርፋል፤ አንድ ስንቀንስ ወንበሩ 11 ነው። 11 በ11 ሲባዛ 121 ይሆናል፤ ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ 1 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩን በ19 ስናባዛ 209 ይሆናል፤ እንደዚሁ ስንገድፍ 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ይሆናሉ፤ ካልሆኑ ስሌቱ ተሳስቷል። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በመስከረም 29 ይውላል፤ ዕለቱ ረቡዕ ነበር፤ የረቡዕ ተውሳክ 4 ሲጨመር 33 ይሆናል፤ ሠላሳውን ስንገድፍ ጾመ ነነዌ የካቲት 3 ትገባለች። ከዚያ 69 ቀን ስንቈጥር ትንሣኤ ሚያዝያ 12 ይሆናል።

ያ ቀን ኤፕሪል 20፥ 2025 ነበረ፤ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናትም በዚያው እሑድ ትንሣኤን አከበሩ። በ2026 ግን የእነርሱ ኤፕሪል 5፥ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው። በናይሮቢ ኬንያዊ ጎረቤት «ለምን ትለያላችሁ?» ብሎ በጠየቀ ጊዜ መልሱ ከጨረቃ ይጀምራል፤ ሁለቱም ወገን ቀንና ሌሊት ከተካከሉ በኋላ ያለችውን ሙሉ ጨረቃ ይጠብቃል፤ የሚለያየው እርስዋን የሚቈጥርበት ሠንጠረዥ ነው።